ማይነስ፣ ፕላስ ወይስ ብሉሬይ? ባዶ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት

«ሲዲ እኮ ቀረ» የሚል ሰው በጥር ወር ባሕር ዳር ካሉት ቪዲዮ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበል። ፍላሽ የሚጠይቅ ሙሽራ መብዛቱ አይካድም። የሙሽራዋ እናት ሳሎን ውስጥ ያለው ዴክ ግን የፍላሽ መሰኪያው ከተበላሸ ቆይቷል። ገጠር ላሉት አጎት የሚላከው ዲስክ ነው። ከአልበሙ ጋር የሚቀመጠውም እንደዚያው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ያባዛል። ዲፓርትመንቱ «ሶፍት ኮፒ በሲዲ» ያለው ተመራቂ ደግሞ ባዶ ሲዲ ፍለጋ ከፔዳ እስከ ፖሊ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቢ፣ ይንከራተታል።

ጣጣው የሚጀምረው ሱቅ ሲገባ ነው። ባለሱቁ ሦስት አራት ዓይነት ይደረድራል። አንዱ ላይ «ማይነስ አር» (DVD-R)፣ ሌላው ላይ «ፕላስ አር» (DVD+R)፣ ሌላው ላይ «አር ዳብሊው» (RW) ተጽፏል። «የቱ ይሻላል?» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ «ሁሉም አንድ ነው።»

አንድ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ግን ሰው በሚከራከርበት ቦታ አይደለም። ለዓመታት ማይነስና ፕላስ ላይ ብዙ ተባብለናል። እኔ እንደሚመስለኝ ዲስክ የሚመረጠው ከመጨረሻው ማጫወቻ ተነስቶ ነው። ማን ያየዋል? በምን ያየዋል? ከስንት ዓመት በኋላ? እነዚህ ከተመለሱ ምርጫው ራሱ ይወጣል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ተቀባዩ ቤት ያለው ዕቃ ነው። የመኪና ቴፕ ነው? አሮጌ ዴክ ነው? ላፕቶፕ ነው? በጣም የሚያምር ዲስክ ዴኩ ካላነበበው ለጌጥ እንኳ አይሆንም።

ቀጥሎ መጠን ይመጣል። ሠርግ፣ መልስና ቅልቅል በአንድ ዲስክ ይጠቃለል ሲባል ጥራቱ የት እንደሚገባ አስቡት።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። እዚህ ላይ ጣና ዳር መኖራችን ይታሰብ። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጡ ዲስኮች የሚመከረው ሙቀት ከ4 እስከ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ደግሞ ከ20 እስከ 50 በመቶ ነው። የእኛ መጋቢትና ሚያዝያ ቀትር ላይ 20 ዲግሪን በሩቁ ያልፋል። ክረምቱ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ ሳይቀር ያሻግታል። ስለዚህ ካርቶን ላይ የተጻፈው «50 ዓመት» እኛ ቤት አይሠራም ብላችሁ ተነሱ።

አራተኛው መብራት ነው። አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ በርን ሲደረግ መሃል ላይ መብራት ከሄደ፣ አለቀ፤ ይጣላል። ይህን የሚነግራችሁ ካርቶን የለም።

ዋጋን ሆን ብዬ ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ። ከሱቅ ሱቅ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ደረጃው ግን ብዙም አይለወጥም፤ ሲዲና ተራ ዲቪዲ ርካሽ ናቸው፣ አር ዳብሊው ከፍ ይላል፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ ይብሳል፣ ብሉሬይ ከሁሉም ይወደዳል።

ሲዲ አር፦ ለድምፅና ለወረቀት

700 ሜጋ ይይዛል። እንደ ተለመደው የድምፅ ሲዲ ከተጻፈ 80 ደቂቃ ነው። ኤምፒ3 ሆኖ በ128 ኪሎቢት ከተጻፈ ግን 12 ሰዓት ገደማ ይገባበታል። መዝሙርና ስብከት ለሚያባዛ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ነገር ግን አሮጌ የመኪና ቴፕ ኤምፒ3 አያውቅም። ሲዲው ላይ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ የድምፅ ሲዲ አድርጉት፤ 80 ደቂቃው ይብቃችሁ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ለማስረከብም ሲዲ በቂ ነው። ፒዲኤፍ ለመጻፍ ዲቪዲ መግዛት ብር ማባከን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባዶ ሲዲ አንስታችሁ ወደ አምፖል ያዙት። ብርሃኑ በስሱ ያልፋል። መረጃው የሚጻፍበት ቀለምና ብርሃን የሚመልሰው ስስ ብረት ያሉት ከላይ በኩል ነው፤ ስም የምትጽፉበት ገጽ ሥር። የሚሸፍናቸው እንደ ቫርኒሽ ያለ ቅባት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚያብረቀርቀውን የሥር ገጽ ይንከባከባል፤ ከላይ በእስክሪፕቶ ተጭኖ «የአቤል ልደት» ይጽፋል። ሲዲ የሚሞተው በዚህ ነው። የሥር ጭረት አንዳንዴ ተወልውሎ ይድናል፣ የላዩ ግን አይድንም። ዲቪዲ ከዚህ ይሻላል። ሁለት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች ተጣብቀው መረጃው መሃላቸው ስለሚሆን ከላይም ከታችም መከለያ አለው።

ማይነስ አር እና ፕላስ አር

ዋናው ክርክር እዚህ ነው፤ ከታሪኩ እንጀምር። ማይነስ አርን ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1997 አወጣው። የዲቪዲ ፎረም የተባለው የአምራቾች ማኅበርም ተቀበለው። ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ኤችፒና ሌሎች ሆነው ደግሞ የራሳቸውን መንገድ ያዙ። ፕላስ አር በ2002 ገበያ ገባ። በመሃል የተቸገረው ገዢው ነው፤ ያንዱ መጻፊያ የሌላውን ዲስክ አይጽፍም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሁለቱንም የሚጽፉ ድራይቮች መጡ። ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ያለውም ሆነ በዩኤስቢ የሚሰካው ድራይቭ ሁለቱንም ይጽፋል። ስለዚህ «የእኔ ድራይቭ የቱን ይቀበላል?» የሚለው ጥያቄ አርጅቷል።

በአሠራር ልዩነት አላቸው። ድራይቩ ሲጽፍ ዲስኩ ላይ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ማይነስ አር ላይ ይህን የሚነግሩት በጠመዝማዛው መስመር ጎን የተቀመጡ ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው። ፕላስ አር ላይ የመስመሩ ውዝዋዜ ራሱ አድራሻውን ይዟል። የፕላሱ ዘዴ በፍጥነት ሲጻፍ ስህተት የመቀነስ ዕድሉ የተሻለ ነው፤ በወረቀት ላይ ያሸንፋል። በተግባር ግን የዲስኩ ፋብሪካ ጥራት ከዚህ ልዩነት እጅግ ይበልጣል። ጥሩ ማይነስ ከርካሽ ፕላስ ይበልጣል፣ ጥሩ ፕላስም ከርካሽ ማይነስ።

መጠናቸውም አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም 4.7 ጊጋ ይላሉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስታስገቡት ዊንዶውስ 4.38 አካባቢ ያሳያል። ባለሱቁ አላጭበረበራችሁም። ፋብሪካው በ1,000 እየቆጠረ፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እየቆጠረ ነው። ማይነሱ 7 ሜጋ ያህል ይበልጣል። ማይነስ ላይ አፍ እስከ አፉ የሞላ ፋይል ፕላስ ላይ «አይበቃም» የሚለው ለዚህ ነው።

ታዲያ የሚለያቸው ምንድን ነው? ዴኩ። በዕድሜ የገፋ ዴክ፣ በተለይ ከ2003 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ፣ ማይነስ አርን የማንበብ ዕድሉ ይሻላል፤ ቀድሞ የመጣው እሱ ነዋ። ፕላሱም መላ አለው። ዲስኩ ላይ «እኔ እንዲህ ዓይነት ነኝ» የሚል ምልክት አለ፤ ቡክ ታይፕ ይሉታል። አንዳንድ ድራይቮች ፕላስ አር ሲጽፉ ይህን ምልክት ፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ እንዲመስል አድርገው ያስቀምጡታል። ያኔ ግትሩ ዴክ ሳይጠራጠር ይቀበለዋል። ማይነስ ላይ ይህ አይቻልም። መጻፊያችሁ ይህን ማድረግ የሚችል ከሆነና አሠራሩን ካወቃችሁት ፕላስ ግዙ። ካላወቃችሁ፣ ለሕዝብ ለሚታደል ሥራ ማይነስ አር ግዙና ተገላገሉ።

አር ዳብሊው እና ራም

እነዚህ ተሰርዘው እንደገና የሚጻፍባቸው ናቸው፤ 1,000 ጊዜ ያህል ይባላል። ለሙሽራ የሚሰጡ ዲስኮች አይደሉም። ብርሃን የሚመልሱት ከተራው ዲስክ ስላነሰ አሮጌ ዴክ «ዲስክ የለም» ብሎ ይተፋቸዋል። ጥቅማቸው ለሙከራ ነው። ቪዲዮ ቤት ያለው ሰው አንድ ፕላስ አር ዳብሊው መሳቢያው ውስጥ ይኑረው። ሜኑው መሥራቱን፣ ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር መሄዱን በእሱ ያያል፤ ከዚያ ጥሩውን ዲስክ ያወጣል። መብራት ቢሄድም ይሰረዝና እንደገና ይጻፋል።

ዲቪዲ ራም የሚባል ዘመድም አላቸው። 100,000 ጊዜ ይጻፍበታል የሚባለው እሱ ነው። ብዙ ዴኮች ስለማይቀበሉት እዚህ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። የድሮ ዲስክ የሚቀርጽ ካሜራ ካላችሁ ብቻ ይመለከታችኋል።

ባለ ሁለት ንብርብር

መረጃው በሁለት ንብርብር የሚጻፍበት ዲቪዲ ነው፤ 8.5 ጊጋ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ሠርጉ ሁሉ ባንድ ዲስክ! እኔ ለሠርግ አልመክረውም። ውድ ነው። ሲበላሽ የሚያናድደውም በዚያው ልክ ነው። ፊልሙ መሃል ላይ ሌዘሩ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲዘል ርካሽ ዴክ ለአፍታ ይቆማል፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ ይደርቃል። የኛ ሠርግ ደግሞ ራሱ ተከፋፍሎ የመጣ ነው። ሠርጉ አንድ ዲስክ፣ መልሱ አንድ ዲስክ፣ ቅልቅሉ አንድ። በተራ ዲስኮች የሚያልቀውን ለምን በአንድ ውድ ዲስክ ታስጨንቁታላችሁ?

ስለ ጥራት ካነሳን፦ ሁለት ሰዓት ቪዲዮ 4.7 ጊጋ ላይ ሲገባ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል። ያ ደህና ነው። አራት ሰዓት ስታጭቁበት በግማሽ ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲመርቁ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። እስክስታው ሲጀመር ግን ትከሻው ሁሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። ካሜራው ፎርኬ (4K) ቢቀርጽም የዲቪዲ ቪዲዮ በፓል 720 በ576 ነው፤ ለደንበኛው ይህን አስቀድሞ መንገር ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። አሜሪካ ለሚላክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የእኛ የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ነው፣ የእነሱ ኤንቲኤስሲ። ብዙ የአሜሪካ ዴኮች የፓል ዲስክ አያጫውቱም። ወይ በኤንቲኤስሲ ይሠራላቸው፣ ወይ በኮምፒውተር እንዲያዩት ይነገራቸው።

ብሉሬይና ኤም ዲስክ

ብሉሬይ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋ፣ በሁለት 50 ይይዛል። ሌዘሩ 405 ናኖሜትር ነው፤ የዲቪዲ 650፣ የሲዲ 780። ሌዘሩ በቀጠነ ቁጥር ጽሑፉ ይደቃል፣ የሚገባውም ይበዛል። ተራ ዴክ በፍጹም አያነበውም። ስለዚህ ለማደል አይሆንም፤ ለማስቀመጥ ነው።

ለማስቀመጥ የምወደው ደግሞ በመጠኑ አይደለም። ተራ ዲቪዲ አር የሚጻፍበት በብርሃንና በሙቀት የሚደክም ኦርጋኒክ ቀለም ላይ ነው። ብዙው ብሉሬይ አር ግን ማዕድን ነክ ንብርብር ስላለው ፀሐይ እንደዚያ አያደክመውም። ካርቶኑ ላይ «ኤልቲኤች» የሚል ካለ ግን እሱ እንደ ዲቪዲው ቀለም ነው፤ ለማኅደር አትግዙት።

ኤም ዲስክ ዲቪዲም ብሉሬይም ሆኖ የሚመጣ ለረጅም ዕድሜ የተሠራ ዓይነት ነው። አምራቹ 1,000 ዓመት ብሎ ነበር። ያን አይተን የምንመሰክር የለንም፤ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ከስሯል። የዲቪዲውን ዓይነት ለመጻፍ ይህን የሚደግፍ ድራይቭ ያስፈልጋል፤ ከተጻፈ በኋላ ግን ተራ ድራይቭም ያነበዋል።

የብሉሬይ ስጋቱ ገበያው ነው። ሶኒ የሚቀረጽ ብሉሬይ ማምረቱን በ2025 አቁሟል። ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አግኝቶ መግዛት አሁንም ቀላል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ላለ ሰው መደወል ይጠይቃል። ብሉሬይ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ድራይቩን ሁለት ግዙ፣ አንዱ መለዋወጫ ይሁን።

ባጭሩ

| ዓይነት | የሚይዘው | አሮጌ ዴክ ላይ | ለማስቀመጥ | ዋጋ | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሲዲ አር | 700 ሜጋ | ድምፅ ከሆነ በጣም ጥሩ | መካከለኛ፣ ላዩ ስስ ነው | ርካሽ | መዝሙር፣ መመረቂያ ጽሑፍ |
| ዲቪዲ ማይነስ አር | 4.7 ጊጋ | ጥሩ | መካከለኛ | ርካሽ | የሚታደል ሠርግ |
| ዲቪዲ ፕላስ አር | 4.7 ጊጋ | ቡክ ታይፕ ከተስተካከለ በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ርካሽ | ሠርግ፣ የኮምፒውተር መረጃ |
| አር ዳብሊው | 4.7 ጊጋ | አያስተማምንም | አይመከርም | መካከለኛ | ሙከራ |
| ባለ ሁለት ንብርብር | 8.5 ጊጋ | ያደናቅፋል | መካከለኛ | ወደድ ይላል | ከ4.7 የሚበልጥ አንድ ፋይል |
| ብሉሬይ አር | 25 ወይም 50 ጊጋ | አያነብም | ጥሩ | ውድ | ኦሪጅናል ቪዲዮና ፎቶ |

እንግዲህ ለማን የቱ?

ቪዲዮ ቤት ከሆናችሁ፣ ለደንበኛ ማይነስ አር ስጡ። ኦሪጅናሉን ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ደንበኛው ከአምስት ዓመት በኋላ «ሲዲው ተጭሮብኝ ነው» ብሎ መምጣቱ አይቀርም።

ለመዝሙርና ለስብከት፣ ከላይ እንዳልኩት ሲዲ አር። የሚጻፈው በጅምላ ከሆነ ተለጣፊ ወረቀት አትለጥፉበት። ወረቀቱ ክረምት ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ዲስኩ ሚዛኑን ስቶ ይርገበገባል። በላዩ የሚታተምበትን ዓይነት ግዙ ወይም አልኮል በሌለው ለስላሳ ማርከር ጻፉ።

ቤተሰብ ውስጥ የድሮ ካሴት ወደ ዲስክ ለሚያስገለብጥ ሰው፣ ሁለት ቅጂ ከሁለት የተለያየ ካርቶን። አንዱ ቅጂ በማይነስ፣ ሌላው በፕላስ ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ አንዱ ፋብሪካ ቢያጭበረብር ሌላው ይተርፋል። አንዱን ቅጂ ሌላ ከተማ ላለ እህት ወይም ወንድም ስጡ።

የዘጌንና የደሴቶቹን ገዳማት ሥዕልና ብራና ከነፈቃዱ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ነገሩ ይለያል። አንድ ያልተጨመቀ ፎቶ 25 ሜጋ ቢሆን ተራ ዲቪዲ 180 ያህል ብቻ ይይዛል፤ ብሉሬይ 1,000 ገደማ። እዚህ ብሩን አውጡ፤ ብሉሬይና ሃርድ ዲስክ አንድ ላይ። ዲስኮቹን በጨለማ፣ በማቀፊያቸው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መምጠጫ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ የዲስኩ ሣጥን ውስጥ ትግባ።

ኪሳችሁ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከሚረክሰው 50 ዲስክ ይልቅ ጥሩውን 10 ግዙ። ርካሹን በርን አድርጋችሁ ሦስቱ ሲጣሉ ሒሳቡ ያው ነው።

ስትገዙና ስትጽፉ

ስሙ የታወቀ ካርቶን ብቻውን አያስተማምንም፤ የተቀዳም አለ። አንድ ብቻ ገዝታችሁ ጻፉበትና የምታውቁት እጅግ አሮጌ ዴክ ላይ ሞክሩት። መጀመሪያውን አይታችሁ አትመለሱ፤ ወደ መጨረሻው አሳልፉት። ዲስክ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው። ርካሽ ዲስክ ላይ ቀለሙ የሚያንሰው፣ ጣት የሚያርፈውም ጠርዙ ላይ ነው። ኬኩ ተቆርሶ፣ ጭፈራው ሊደምቅ ሲል ሥዕሉ የሚቆመው ለዚህ ነው። 4.2 ጊጋ አካባቢ ላይ ብታቆሙ ጠርዙን ታመልጣላችሁ።

ፍጥነት ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። የቸኮለው በ16 እጥፍ (16x) ይጽፋል፤ የፈራው በ2። ባለ 16 ተብሎ የተሠራ ዲስክ ቀለሙ ለፍጥነት የተቀመመ ስለሆነ እጅግ ሲዘገይም አይወድም። በ8 ጻፉት፤ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሲያልቅ «ቬሪፋይ» የሚለውን፣ የተጻፈውን መልሶ የሚፈትሸውን፣ አታጥፉ። ለዴክ የሚሆን ከሆነ ፋይናላይዝ መደረጉን (መዘጋቱን) አረጋግጡ፤ ካልተዘጋ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ደንበኛው ቤት አይሠራም።

ከተቻለ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ጻፉ፤ መብራት ቢሄድም ሥራው ይቀጥላል። ድራይቩ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ግን አንዱ ቀዳዳ የሚሰጠው ጉልበት ለመጻፍ ላይበቃው ይችላል። ማንበብ እየቻለ መጻፍ ላይ የሚያቋርጥ ድራይቭ ካላችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ሁለት ራስ ባለው ገመድ ሁለት ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት።